መቶ ከመቶ የተሰነደው ዜሮ

አገር የሚያድገው በሽፋን ነው። ይህን የሚጠራጠር ካለ ሰቆጣ ይውጣና አቶ ገብረ ሊባኖስን ይጠይቅ። አቶ ገብረ ሊባኖስ ስሙን ባንጠራው የሚሻል የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እጃቸው ገብቶ ሽፋኑ ሳያድግ የቀረ ነገር የለም። የእርከን ሽፋን፣ የክትባት ሽፋን፣ የመጸዳጃ ቤት ሽፋን፣ ሁሉም በእርሳቸው ዘመን ወደ ላይ ወጥቷል። አንዳንዱ መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮበታል፣ ሌላው ገለባ ታጭቆበታል እያለ የሚያወራ ምቀኛ አይጠፋም። ቢሆንስ? ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ተቆጥሯል፣ ቁጥሩም ወደ በላይ አካል ተልኳል። ከዚያ ወዲያ ማን ምን አደረገበት ማለት የሰው ገበና ውስጥ መግባት ነው።

በዚሁ መሥሪያ ቤት ጥግ፣ ከዕቃ ክፍሉ አጠገብ፣ ደግሰው የሚባል የደሃና ወረዳ ልጅ ኮምፒውተር ይዞ ይቀመጥ ነበር። ጊዜው ዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ደግሰው ባሕር ዳር ተምሮ ሲመለስ የእህል እርዳታ የሚደለድል ፕሮግራም በገዛ እጁ ጻፈ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ቤት ስም ይቀበልና በቤቱ ስንት ነፍስ እንዳለ፣ አባትየው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ እንደሆነ፣ በሬው በሕይወት እንዳለ አይቶ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ ያወጣል። ዝርዝሩ ይታተማል፤ አቶ ገብረ ሊባኖስ ማኅተም ያሳርፉበታል፤ የቀበሌው መጋዘን ይከፈታል። በቆላው አበርገሌ ክረምት ወንዝ መንገዱን ስለሚቆርጠው እህሉ ቀደም ብሎ በግንቦት መጋዘን ይገባና ማኅተም ያለበትን ዝርዝር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሕዝቡም አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

በነሐሴ አጋማሽ የደግሰው አክስት እትዬ ማሬ ከአበርገሌ በእግራቸው መጡ። የእናቱ ታናሽ ናቸው፤ ቆላ አግብተው ወርደው እዚያው የቀሩ።

«ልጄ፣ የጳጉሜው እህል ይወጣል ወይስ እንደ አምናው አዲሱን ዓመት አፋችንን ይዘን እንቀበለው?»

«ይወጣል አክስቴ፤ ምን ያሳስብዎታል? ዝርዝሩን የሚያወጣውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እሰይ! እንግዲያ ምን ቸገረኝ» አሉ እትዬ ማሬ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «ማሽላው ገና ነው። ልጆቹ ክረምቱን በበለስ ነው የከረሙት፤ በበለስ ደግሞ ሰው እስከ መቼ ይቆማል? አደራህን።»

ደግሰው አደራውን ተቀበለ። ደረቱን ነፍቶ ነው የተቀበለው።

በዚያው ሰሞን አቶ ገብረ ሊባኖስ ከሥልጠና ተመለሱ። ከሥልጠና ሰው ቦርሳ፣ ቲሸርትና አበል ይዞ ይመለሳል፤ እርሳቸው ግን አንድ ሲዲ ጨምረው ነበር። ሳያርፉ በቀጥታ ደግሰው ክፍል ገቡ።

«ደግሰው፣ ፕሮግራምህ ሰነድ አለው?»

«የምን ሰነድ ጌታዬ?»

«እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ የሚገልጽ ማብራሪያ ነዋ! ነገ አንተ አንድ ነገር ብትሆን ያንን የተተበተበ ነገር ማን ይፈታዋል?»

ደግሰው አፈረ። አንድ መስመር ማብራሪያ አልጻፈም፤ ሁሉም ነገር በልቡ ነው ያለው፣ ከልቡም ግማሹ ጠፍቶበታል። አቶ ገብረ ሊባኖስ በሥራ ዘመናቸው ፍጹም ትክክለኛ ነገር የተናገሩበት ቀን ይህ ነውና በክብር ሊታወስ ይገባዋል። ትክክለኛነታቸው የቆየው ግን ሲዲው ኮምፒውተሩ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ነው።

ሲዲው ውስጥ የሰነድ ሽፋን መለኪያ ነበር። ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ይዳስስና ካሉት ፋንክሽኖች ስንቶቹ ማብራሪያ እንዳላቸው በመቶኛ ያወጣል። ካነሰ ቀይ፣ ከሞላ አረንጓዴ ቀለም ያሳያል።

«ፋንክሽን ማለት ምንድን ነው?» አሉ ኃላፊው።

ደግሰው እግዜር ይይለትና እንዲገባቸው ብሎ እንዲህ አስረዳ፦ «ጌታዬ፣ ፕሮግራም ማለት እንደ መሥሪያ ቤት ነው። ፋንክሽን ማለት ደግሞ እንደ ሠራተኛ፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው።»

«አሃ!» አሉ አቶ ገብረ ሊባኖስ። ገባቸው። ሲገባቸው ደግሞ አያድርስ ነው።

መለኪያው ቀይ ሆኖ ዜሮ አሳየ። ኃላፊው ወንበር ያዙ። «ዜሮ! በእኔ ቤት ዜሮ!» በማግሥቱ ግድግዳው ላይ «ያልተሰነደ ፋንክሽን በመካከላችን አይኖርም!» የሚል ጨርቅ ተሰቀለ። መመሪያም ወጣ። እያንዳንዱ ማብራሪያ ዓላማ፣ ተልእኮና ራእይ ይኑረው፤ ሽፋኑ መቶ ከመቶ ሳይደርስ ከፕሮግራሙ ማንኛውም ዝርዝር እንዳይታተም።

«ጌታዬ፣ የጳጉሜው ዝርዝርስ?» አለ ደግሰው።

«እሱን ፍጥነትህ ይወስነዋል።»

እንድታግዘው ጸሐፊዋ ሀናን ተመደበችለት። ሀናን የሰቆጣ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጣቷም ምላሷም ፈጣን ነው። ደግሰው ይነግራታል፣ እሷ ትጽፋለች።

«ይቺስ ምን ትሠራለች?»

«ወረቀቱ ላይ ቀኑን ትጽፋለች።»

«ራእይዋ?»

«ቀን ምን ራእይ አለው?»

«ነገ!» አለች ሀናን፤ ጻፈችው።

ኅትመት ሲያልቅ «ጢጥ» የምትል አንዲት ፋንክሽን ነበረች። ለእሷ «ድምፅዋ በመላው ዋግ ኽምራ ሲያስተጋባ ማየት» የሚል ራእይ ወጣላት። ሀናን እየቆየች ስትሄድ መለኪያው የተጻፈውን እንደማያነብ፣ መጻፉን ብቻ እንደሚያይ ነቃችበት። ለሙከራ አንዷ ላይ የሽሮ አሠራር ከነቅመሙ ጻፈች። መለኪያው አረንጓዴ ሆነ። አቶ ገብረ ሊባኖስም በዚያ ቀን ሽፋኑ ከፍ ማለቱን አይተው «በርቱ! ጥራቱም እየጨመረ ነው» ብለው አለፉ።

በመጨረሻ አንድ ብቻ ቀረ። ስሙ ደልድል ነው። እህሉን ለየቤቱ የሚደለድለው እሱ ነው፤ የቀሩት ሁሉ አጃቢ ናቸው። ደግሰው አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ የጻፈው፣ ከዚህ ሁሉ የሚኮራበት ሥራው እሱ ነበር። በመለኪያው ዓይን ግን ደልድልም አንድ ነው፣ ጢጥ ባይዋም አንድ ናት።

«አንድ መስመር ጣል አድርግበትና እንገላገል» አለች ሀናን።

«በእሱስ ላይ ቀልድ አልጽፍም። ቁጭ ብዬ መርምሬ፣ እያንዳንዷን ነገር በወጉ ነው የምጽፈው።»

«ወንድሜ፣ ጳጉሜ እኮ ደረሰች! ‹እህል ይደለድላል› ብትል ምን ትሆናለህ?»

«አልልም አልኩሽ።»

«ኩራት እራት ከሆነልህ ጥሩ» አለች። ደግሰው አልሰማትም። ልጁ ደግ ነው፣ ግን ግትር ነው፤ ያን ቀን ግትርነቱ በሰው ሆድ እየቆመረ መሆኑን አላሰበውም።

አቶ ገብረ ሊባኖስ ዘጠና ዘጠኝ የሚለውን ቁጥር እያዩ እንቅልፍ አጡ። ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው የደግሰው ትምህርት ትዝ አላቸው። ፋንክሽን ሠራተኛ ከሆነ፣ ሠራተኛ ደግሞ ሥራ ሲበድል ምን ይደረጋል? ይገመገማል! ወዲያው የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። ኮሚቴው ተሰየመ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተመረጠ፣ ፋንክሽኖቹ በየተራ ስማቸው እየተጠራ ሂስ ወረደባቸው። ሀናን በእነሱ ፈንታ ማብራሪያቸውን ታነባለች። ጢጥ ባይዋ በግልጽነቷ ተመሰገነች። ባለ ሽሮዋ «ከኅብረተሰቡ ኑሮ ጋር የተቆራኘች» ተብላ ጭብጨባ አገኘች። ከዚያ ተራው ደረሰ።

«ደልድል ስለ ራሱ ምን ይላል?» አሉ ሰብሳቢው አቶ ገብረ ሊባኖስ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ጭጭ» አለች ሀናን።

ቤቱ ተንጫጫ። አንደኛው የኮሚቴ አባል እጁን አወጣ። «ዝምታው ከንቀት የመነጨ ነው።»

ሌላው ቀጠለ። «በሥሩ ስንት መስመር ይዟል?»

«ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው» አለች።

«ይኸው! ኪራይ ሰብሳቢነት ማለት ይህ ነው!»

ደግሰው ብድግ አለ። «ኧረ በሥላሴ! ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እኮ እሱ ነው!»

«ታዲያ ለምን አይናገርም?»

«እየሠራ ነዋ!»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው ሰብሳቢው ተረቱ፤ ኮሚቴው በደስታ ራሱን ነቀነቀ።

ደግሰው ያን ጊዜ ደነገጠ። ኩራቱ ሁሉ እንደ ጉም በኖ የአክስቱ ድምፅ ጆሮው ላይ ቀረ። «እሺ፣ እሺ፣ አሁኑኑ አንድ መስመር እጽፍበታለሁ! እንኳን አንድ፣ ራእይም እጨምርበታለሁ!»

«ወንድም ደግሰው» አሉ አቶ ገብረ ሊባኖስ በሐዘን፣ «በግምገማ ላይ ያለ ሠራተኛ የግል ማኅደር አይነካም። ሕግ ሕግ ነው። ደልድል ከሥራ ይሰናበት። ቅር ካለው ይግባኝ የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ማመልከቻውን ራሱ ጽፎ ያቅርብ።»

በሲዲው ላይ ሰነድ የሌለውን ፋንክሽን የሚያስወግድ ቁልፍ ነበር። የተወገደው ቦታ ላይ የቀሩት እንዳይደናቀፉ ለጠየቀው ሁሉ «ዜሮ» ብሎ የሚመልስ ባዶ ወንበር ይተካበታል። ቁልፉን አቶ ገብረ ሊባኖስ በገዛ ጣታቸው ተጫኑት። መለኪያው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። መቶ ከመቶ! ለስላሳ ተከፈተ፣ ብስኩት ተበተነ፣ ፎቶ ተነሡ።

ከዚያ የአበርገሌው፣ የእነ እትዬ ማሬ ቀበሌ ዝርዝር እንዲታተም ተፈቀደ። አምሮ ወጣ። አርማው በቦታው፣ ቀኑ በቦታው፣ ስሙ ሁሉ በተራ፤ ሲያልቅም ጢጥ አለ። በእያንዳንዱ ስም ፊት የሚደርሰው እህል ዜሮ ይላል። የእትዬ ማሬም ዜሮ ነው።

«ጌታዬ፣ ሁሉም ዜሮ ነው የሚለው!»

አቶ ገብረ ሊባኖስ ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩት። ፊታቸው ቀስ እያለ ፈካ። «ዜሮ ማለት... አያስፈልጋቸውም ማለት ነው?»

«አይደለም! ደልድል ስለሌለ ነው!»

«ደግሰው! ያኔ በዜሮ ሽፋን ያመንነውን ፕሮግራም ዛሬ መቶ ከመቶ ተሰንዶ ሳለ ውሸታም ልትለው ነው?»

ማኅተማቸውን አሳርፈው ስልክ አነሡ። አንድ ሙሉ ቀበሌ ከእርዳታ ወጣ ብለው ለበላይ አካል አበሠሩ። ያን ሰሞን ከእርዳታ የወጣ ሰው «ተመረቀ» ይባል ነበርና ከወዲያ በኩል «እንኳን ደስ ያላችሁ! የምረቃ በዓል ይዘጋጅ» የሚል መልስ መጣ።

ደግሰው ሮጦ ቤቱ ሄደ። የድሮው ፕሮግራም ከነደልድሉ በፍሎፒ ተቀምጦ ነበር። ፍሎፒውን ይዞ ቢሮ ተመለሰ፤ መብራት እስኪመጣ ጠብቆ እውነተኛውን ዝርዝር አተመና ለኃላፊው ይዞ ገባ። «ጌታዬ፣ በእናትዎ፣ እዚህ ላይ ብቻ ማኅተም ያድርጉልኝ። እህሉ እኮ እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከሕዝቡ ደጃፍ ላይ!»

«ልጄ» አሉ አቶ ገብረ ሊባኖስ፣ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ ከተባልን በኋላ ወደ ኋላ አይኬድም።»

ደግሰው ዝርዝሩን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አለ ለራሱ፤ ከዚያም ለምረቃው በተዘጋጀው መኪና ተሳፍሮ ወደ አበርገሌ ወረደ።

በዓሉ ከወረዳው ከተማ ከኒሯቅ ወዲያ ማዶ፣ ያን ቀን ጎድሎ የነበረውን ወንዝ ተሻግሮ፣ እትዬ ማሬ ቀበሌ ውስጥ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ተደረገ። ድንኳን ተተከለ። ተመራቂዎቹ ጥላ ሥር ተደረደሩ፤ አብዛኞቹ ቀጥ ብለው መቆም አቅቷቸው ቁጭ ብለዋል። አቶ ገብረ ሊባኖስ ስለ ሽፋን ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ከኪሳቸው የማይለየውን ማኅተም እያወጡ የምስክር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ መትተው ሰጡ። እትዬ ማሬ ወረቀታቸውን ሲቀበሉ ደግሰውን አዩት። ደግሰው መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው ደስታው ነበር።

«እናታችን፣ እስቲ ስሜትዎን ይግለጹልን» ተባሉ።

እትዬ ማሬ ወረቀቱን ገለበጡት፣ መለሱት። «ወረቀቱስ ያምራል ጌታዬ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ልጆቼ ያነቡልኛል። ያስቸገረኝ ረሃቡ ነው፤ እሱም እንደኔ ማንበብ አይችልም፣ ተመርቃለች ብለው ቢነግሩት አይሰማ። እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ዛሬ ቤቴ ይደሩና ያንብቡለት።»

ሕዝቡ ሳቀ። አቶ ገብረ ሊባኖስም ሳቁ፤ የግብዣ ወግ መስሏቸው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ባይቸኩለን ኖሮ ደስ ይለን ነበር» ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ደጋው ላይ ግን ዘንቦ ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ተመለሱ። የአገር ሽማግሌዎች እንግዶቹን በየቤቱ ሲደለድሉ ኃላፊው ለእትዬ ማሬ ደረሱ። ለእራት በለስ ቀረበ፣ ተልጦ በንጹሕ ሳህን። ጠዋትም በለስ ነው። ወንዙ አልጎደለም። ምሳ ሰዓት ላይ የተላጠ በለስ ሲያዩ አቶ ገብረ ሊባኖስ ፊታቸውን አዞሩ።

«እናቴ፣ ሌላ ነገር የለም?»

«የምስክር ወረቀቴ አለ ጌታዬ» አሉ እትዬ ማሬ።

ኃላፊው ወገባቸውን ይዘው መጋዘን ጠባቂው ወልደ ሐዋርያት ጋ ሄዱ፤ ደግሰው ተከተላቸው።

«እዚህ ውስጥ እህል አለ?»

«ሞልቶ ተርፎ ጌታዬ።»

«እንግዲያ ክፈት!»

«ዝርዝር ሲመጣ ነዋ። ከሰቆጣ የመጣው ለሁሉም ዜሮ ይላል። ማኅተሙም የእርስዎ ነው፣ አውቀዋለሁ።»

ደግሰው ያን ጊዜ ከደረት ኪሱ ዝርዝሩን አውጥቶ ዘረጋላቸው። አቶ ገብረ ሊባኖስ ወረቀቱን አዩ፣ መጋዘኑን አዩ።

«ይሄ ደልድል የምትለው ሲመለስ... ሽፋናችን ይወርዳል?»

«ማብራሪያ እጽፍለታለሁ ጌታዬ። አንድ መስመር።»

«ምን ብለህ?»

«‹ይህ ከሌለ ሰው ጦሙን ያድራል› ብዬ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ራእዩ የታለ ይሉ ነበር። ያን ቀን ሆዳቸው ቀድሟቸው ጮኸ። ማኅተሙን አውጥተው እንትፍ አሉበትና ጠበቅ አድርገው መቱት። ወልደ ሐዋርያት ቁልፉን ከፈተ፤ ሰዉ እልል እያለ ስልቻውን ይዞ ተግተለተለ። ደግሰው ከበሩ አጠገብ ቆሞ እንባው መጣ፣ አላፈረበትም።

አቶ ገብረ ሊባኖስም ተራ ይዘው ደረሱ።

«ስምዎ የለም ጌታዬ» አለ ወልደ ሐዋርያት ዝርዝሩን እያየ።

«እኔ እኮ ኃላፊው ነኝ!»

«አውቃለሁ። ዝርዝሩ ላይ ግን የሉም፤ ሕግ ነው።»

«ተዋቸው፣ ከኔ ይካፈላሉ» አሉ እትዬ ማሬ ስልቻቸውን እያሰሩ። «እንግዳ ጦሙን አይውልም።»

ቂጣው ወፍራም ነበር፤ ኃላፊው ትኩሱን ከእጅ እጅ እያገላበጡ በሉት። ጠግበው እጃቸውን ሲያራግፉ ደግሰው አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«ጌታዬ፣ ትናንት የተመረቁ ሰዎች ዛሬ እርዳታ ተቀበሉ። ለበላይ አካል ምን ብለን እንጻፍ?»

አቶ ገብረ ሊባኖስ ከንፈራቸውን ጠረጉ፤ ፊታቸው እንደገና ፈካ።

«ድኅረ ምረቃ ጀምረዋል ብለህ ጻፍ፤ ሽፋኑም መቶ ከመቶ ነው።»